ቁም ሣጥን ውስጥ የቀሩት ጠርሙሶች

ጥቅምት 6

የእህቴ አደራ፣ የእኔም ልጅ ለሆንሽው ለችኩሌ፤

ካለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ? እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ከማስቸገሩ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰላም ይልሻል፤ ማን ማን እንደሆነ ብዘረዝር ወረቀቱ ስለሚያልቅ ሁሉም ነው ብለሽ ያዢው። ጋሼሽም አሁንም አሁንም «ችኩሌ ደወለች?» ይላል። በሰባት ወርሽ ዱብ ያልሽ ጊዜ ያወጣልሽን ስም፣ አርባ ሊሞላሽ ነው፣ እስካሁን አልተወውም።

ይህን የምጽፍልሽ በስልክ የማይነገር ነገር ስላለ ነው። እኔና አንቺ ስናወራ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ ይመስላል፤ ጆሮው ግን ሠላሳ አምስት ዓመት የጭነት መኪና ሞተር ሲያዳምጥ የኖረ የሾፌር ጆሮ ነው። አንዲት ቃል አታመልጠውም። ሞባይሉን ይዤ ልውጣ ብል «ምን ተገኘና ነው የሚሾካሾከው» ይላል። ስለዚህ ሰላምታውን በስልክ፣ ቁም ነገሩን በወረቀት እናድርገው።

የጀርባ ሕመም ነው እያልን ያሳለፍነው ነገር የጀርባ አልነበረም። ከክረምት ወዲህ ምግብ አስጠልቶታል። ቀበቶው ላይ ሦስት ቀዳዳ ጨምሬለታለሁ። በመጨረሻ በግድ ጎትቼ ትልቁ ሆስፒታል ወሰድኩት። አምስት ቀን አስተኝተው፣ በዚያ በሚያንኳኳ ማሽን አስገብተው፣ ደሙን እየቀዱ ከመረመሩት በኋላ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠራኝና «እናቴ፣ ቤታቸው ቢሆኑ ይሻላል፣ ከቤተሰብ ጋር ይረፉ» አለኝ። እኔም ተመስገን አልኩ። ክፉ ነገር ቢሆን ኖሮ መች ይለቁት ነበር?

ወረቀቱ ላይ የጻፈው ነገር ግን አላማረኝም። በላቲን ፊደል ስለሆነ እንዳለ ገልብጬ ልኬልሻለሁ። አንዲት ነጥብ አልሳትኩም፣ የልብስ ሰፊ እጅ ነው። አንቺ ቀዶ ጥገና ክፍል ስለምትሠሪ ታውቂዋለሽ። ስንት ወር ይፈጅበታል? ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ከሆነም እዚያ ያሉትን ሐኪሞች ጠይቂልኝ።

ለሕመሙ ሞርፊን የሚባል ሽሮፕ ሰጥተውናል። በወር አንድ ጠርሙስ ነው፣ እሱም ከተገኘ። የፋርማሲው ሰው ሦስት ቦታ አስፈርሞ ነው የሰጠኝ። ወረቀቱ በየአራት ሰዓቱ ይላል፤ አንቺ ሳትነግሪኝ ግን አላምንም።

ለእሱ ምንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ክፉ አይንካሽ ልጄ።

አክስትሽ

———

ኅዳር 9

እናትም አክስትም ለሆንሽኝ ለእቴቴ፤

ለአንቺም ለጋሼም ጤናና ሰላም ይብዛላችሁ። ደብዳቤሽ ሃያ ቀን ፈጅቶ ደረሰኝ። ወዲያው ያልመለስኩልሽ ሥራ በዝቶብኝ ነውና አትቀየሚኝ።

የሐኪሙን ወረቀት አንብቤዋለሁ። እውነትሽን ነው፣ አንድ ፊደል አልሳትሽም። ለጊዜው ኦፕራሲዮን እንደማያስፈልጋቸው ነው የሚለው። ቤት መሆናቸው ጥሩ ነው። ሽሮፑን ሐኪሙ እንዳዘዘው ስጫቸው። ጠንካራ መድኃኒት ስለሆነና እንደ ልብ ስለማይገኝ በጥንቃቄ ያዢው። ምግብ እምቢ ሲሉ አታስጨንቂያቸው፣ የፈለጉትን ያህል ይቅመሱ።

ሥራዬ ደህና ነው። ክፍላችን አሥራ ሁለት አልጋ አለው፤ ሁሉም አልጋ መስኮት ይደርሰዋል። አልጋ ቁጥር ሦስት ላይ ጡረታ የወጣች የፖስታ ቤት ሠራተኛ አለች፣ ትራሷን ሳስተካክል «አድራሻው ተሳስቷል፣ ወደ ግራ» ትለኛለች። መጠጣት ስላቃታት ትንሽ ስፖንጅ ውሃ ነክሬ ከንፈሯን አርሳለሁ። አልጋ ቁጥር ሰባት ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ሰሞኑን በእንቅልፉ ብርድ ልብሱን ሲያቦካ ይውል ነበር፤ እየጠቀለለ፣ እየጫነ፣ እየገለበጠ። ሥራውን እንዳላቋርጠው ብዬ እጁን ሳልነካ ነበር የማገላብጠው። ትናንት ጠዋት ስገባ አልጋው ባዶ ነበር።

ጋሼን በእኔ ስም ጉንጫቸውን ሳሚልኝ።

ልጅሽ

———

ታኅሣሥ 3

ለችኩሌ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ከረምሽ? ሳል አለባት ብሎ ጋሼሽ ሲጨነቅ ነበር፣ በስልክ ሁለቴ ሳልሽ አሉ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ የድሮዎቹንም አወጣሁ። ያ ዳቦ ጋጋሪ አልጋው ባዶ ነበር አልሽ፣ ወዴት ሄደ? ዳነ አላልሽም። አምና የጻፍሽልኝ ባለ ቀይ ካልሲዋ ሴትዮም አንድ ቀን ተነሥታ የለችም። ሰባት ደብዳቤ ገልብጬ አንድ እንኳን ድኖ ቤቱ የገባ በሽተኛ አጣሁ። ምን ዓይነት ቀዶ ጥገና ነው ልጄ? ቢላው ደንዝዟል እንዴ?

ቀልዴን ነው። ምናልባት የዳኑት ለወሬ አይመቹም ይሆናል።

የጋሼሽ ነገር እንዲህ ነው። ከስቷል። ቀን ቀን ወንበሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨምድዶ ይይዛል። «ምን ሆንክ?» ስለው «ዳገት ላይ ነኝ፣ ማርሽ እየቀየርኩ ነው» ይለኛል። ድሮ ረዳቱ የነበረው ሰውዬ ሊጠይቀው ሲመጣ ቀጥ ብሎ ይቀመጥና የመንገድ ወሬ ያወራል፣ ይስቃል። ሰውዬው ሲወጣ ሸሚዙን እቀይርለታለሁ፤ በላብ ተጠምቆ ነው የማገኘው። «አመመህ?» ስለው «ትንሽ ናት» ይላል። ይህን ሰው አርባ አንድ ዓመት አውቀዋለሁ። ጣቱ በመኪና በር ሲቀጠቀጥም «ትንሽ ናት» ነበር ያለው።

በመድኃኒቱ ግን ትኮሪብኛለሽ። ሦስት ወር ተቀበልን፣ ሁለቱ ጠርሙስ ማሸጊያቸው እንኳን አልተነካም፤ ሦስተኛውም ከግማሽ በላይ አለ። ቁም ሣጥን ውስጥ በፎጣ ጠቅልዬ ከክር ሳጥኔ ኋላ ነው ያስቀመጥኳቸው። እንደ ልብ አይገኝም ብለሽ የለ? ፊቱ አመድ ሲመስል፣ ሲብስበት ብቻ፣ አንድ ማንኪያ እሰጠዋለሁ። አሁን ሁሉን ጨርሰን ኦፕራሲዮኑ ሲመጣ ምን ሊውጠን ነው? ዋናው ሕመም ከተቀደደ በኋላ ነው ይላሉ። ለዚያ ነው የያዝኩት።

እስቲ አሁን ስለ ኦፕራሲዮኑ ቁርጡን ንገሪኝ። «ለጊዜው» አልሽኝ። ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው?

አክስትሽ

———

ታኅሣሥ 24

እቴቴ፤

ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥሽ። ለእኔም ይስጠኝ።

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ያንን ያስቀመጥሽውን ጠርሙስ ሳነብ ወዲያው ደወልኩልሽ። «ስጫቸው፣ በየአራት ሰዓቱ ስጫቸው» አልኩሽ። አንቺ «እሺ፣ እሺ፣ አየሩ ደህና ነው» ብለሽ ዘጋሽው። ያንን «እሺ»ሽን አውቀዋለሁ። ለቤት አከራያችን የምትሰጪው እሺ ነው። እንደማትሰጫቸው ገባኝ። ለምን እንደሆነ ካልነገርኩሽ አትሰጪም። ነገ የሚጓዝ ሰው አግኝቻለሁ፣ ይህን በእጅሽ ይሰጥሻል። በር ዘግተሽ ብቻሽን አንብቢው።

እኔ ቀዶ ጥገና ክፍል ሠርቼ አላውቅም። የምሠራበት ቤት ሆስፒስ ይባላል። ሐኪሞች ከዚህ በላይ ልናድናቸው አንችልም ያሏቸው ሰዎች ናቸው የሚመጡት። እኛ ሕመማቸውን እናስታግሳለን፣ እናጥባቸዋለን፣ እናገላብጣቸዋለን፣ ቤተሰቦቻቸውን እናነጋግራለን፣ እስከ መጨረሻው አብረናቸው እንሆናለን። ዳቦ ጋጋሪው ሞተ። ባለ ቀይ ካልሲዋም ሞተች። በስምንት ዓመት ውስጥ የዳነ የለኝም፣ ሥራዬ እሱ አይደለም። ስቀጠር ልነግርሽ አፈርኩ። እቴቴ በስፌት ማሽን ላይ ጎብጣ ያስተማረችኝ ሟች ላጥብ ነው ወይ ብዬ አፈርኩ። አሁን አላፍርበትም፣ ግን ውሸቱ ቀድሞኝ ሄዶ ነበር።

ካለፈው ወር ጀምሮ ደግሞ ወደ ቤት ለቤት ሥራ ተዛውሬአለሁ። ቦርሳዬን ይዤ በቀን አምስት ቤት እገባለሁ። ደረጃ አለ፣ ውሻ አለ፣ ሳሎን ውስጥ የተዘረጋ አልጋ አለ፣ ቲቪ የማይጠፋበት ቤት አለ። ባለፈው ማክሰኞ አንድ አናጢ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ናት የታመመችው። ጥርሷን ነክሳ ግድግዳውን ታያለች። የሰጠነው ጠርሙስ እንዳለ ነበር። «ለምን አልሰጠሃትም?» ስለው «ቢያልቅስ?» አለኝ። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና «ባለቤትህ ከዚህ በሽታ አትድንም። የቀራት ጊዜ በሳምንት የሚቆጠር ነው። መድኃኒቱ ለእነዚህ ሳምንታት ነው፣ ሌላ የሚቀመጥለት ቀን የለም» አልኩት። አለቀሰ። ከዚያ ተነሥቶ ሰጣት።

ለማላውቀው ሰው ያልኩትን ለአንቺ መጻፍ አቃተኝ። አሁን እጽፈዋለሁ።

እቴቴ፣ ጋሼ አይድኑም። የገለበጥሽልኝ ወረቀት በሽታው ከቆሽት ተነሥቶ ጉበትና የጀርባ አጥንት ውስጥ እንደገባ ነው የሚለው። ኦፕራሲዮን የለም፤ «ለጊዜው» ያልኩት ከፍርሃቴ ነው። ሐኪሙ ቤታቸው ይሁኑ ያለሽ ከዚህ በኋላ ሆስፒታሉ የሚያደርግላቸው ስለሌለ ነው። ሦስት ወር ሊሆን ይችላል፣ ሊያንስም ይችላል። ይህን ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ጀምሪ። ሐኪሙ የጻፈውን ልክ በመለኪያው ቀድተሽ በየአራት ሰዓቱ፣ ቢያማቸውም ባያማቸውም። «ትንሽ ናት» ሲሉሽ አትስሚያቸው፣ ሰዓትሽን እዪ። ሕመሙ ከመጣ በኋላ ማባረር ከባድ ነው፣ ከመምጣቱ በፊት ነው መቅደም። የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ቀን እንቅልፍ ይበዛባቸዋል። አትደንግጪ፣ ያመለጣቸው እንቅልፍ ነው። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻም ከሐኪሙ ጠይቂ። ሱስ ይሆንበታል የሚል ጎረቤት ቢመጣ በሩን አሳዪው። እንደ ታዘዘው ከሰጠሻቸው አይጎዳቸውም። ሊያልቅ ሲል ቀድመሽ ሐኪሙ ዘንድ ሄደሽ ተቀመጪ፤ አንቺ ከተቀመጥሽ የሚያስነሣሽ የለም።

ብትሰድቢኝ ይገባኛል።

ልጅሽ

———

ጥር 12

ለችኩሌ፤

ዛሬ ሰላምታ የለኝም። ከየት እንደማመጣውም አላውቅም።

ሰውየው ደብዳቤሽን ይዞ ስድስት ቀን ዘመድ ቤት ሲጋበዝ ቆይቶ ጥር 2 አመጣልኝ። ሥራ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ካነበብኩ በኋላ ማሽኑ ላይ ተቀምጬ ያለ ጨርቅ ፔዳሉን ስረግጥ ነበር። ጋሼሽ ከመኝታ ቤት «ምንድነው የምትሰፊው?» ሲለኝ ነው የነቃሁት። «ምንም» አልኩት።

ጠርሙሱን ይዤ ገባሁ። «ትናንት ሰጥተሽኝ የለ?» አለኝ። «ዛሬም አለ፣ ከአራት ሰዓት በኋላም አለ» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና «ከልጅቷ ደብዳቤ መጣ ማለት ነው» አለ። ከዚያ አፉን ከፈተልኝ።

እንዳልሽው ሁለት ቀን ተኛ። እየደጋገምኩ ደረቱን አይ ነበር። ገድዬው ይሆን እያልኩ ወረቀትሽን አነባለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ፣ ሲነቃ እሰጠዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት «ጢሜን ላጪኝ፣ ወንበዴ መሰልኩ እኮ» አለ። ላጨሁት። ሾርባ ጠጣ፣ ግማሽ ሳህን። ሬዲዮ አስከፈተኝ። ጀርባውን ደግፎ ሲቀመጥ እጁ ጭኑ ላይ ነበር፤ ጠረጴዛ አልያዘም። ልጄ፣ የዚህን ሰው እጅ ተዘርግቶ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው።

ያን ዕለት ሁሉንም ነገርኩት። ሳቀብኝ። «ሐኪሙ አንቺን ውጭ ሲጠራሽ በሩ ገርበብ ያለ ነበር» አለኝ። እኔ ያልገባኝ ለእሱ ገብቶት ኖሮ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ያውቃል። እኔ እንዳልሰማ እሱ ዝም፣ እሱ እንዳይሰማ እኔ ዝም፣ አንቺ ደግሞ ከሩቅ ሁለታችን እንዳንሰማ ዝም። «ጠርሙሶቹስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ከክር ሳጥኑ ኋላ እንዳሉ አይቻለሁ። ለኋላ የያዝሽው ነገር ስላለሽ ደስ ብሎሽ ነበር፣ እኔም ቻል አደረግኩት» አለኝ።

እኔ ደስ እንዲለኝ ነው ጥርሱን የነከሰው። አንቺ ያሳደገችኝ ቆጣቢ ናት ብለሽ ታወሪያለሽ። የሰው ሕመም ነው የቆጠብኩት።

አሁን ስሚኝ። እኔ አላዋቂ ነኝ፣ ወረቀቱን መገልበጥ እንጂ ማንበብ አልችልም። አንቺ ግን አንብበሽዋል። ካነበብሽው ጊዜ ጀምሮ እኔ ጠርሙስ በፎጣ እስክጠቀልል ድረስ፣ አንዲት መስመር ብትጽፊ ኖሮ ያ ሁሉ ቀን አይኖርም ነበር። ለአናጢው ወንበር ስበሽ ተቀመጥሽለት። እኔ አናጢ ስላልሆንኩ ነው? ሥራሽን መደበቅሽን ትቼዋለሁ፤ ሟች ማጠብ የሚያሳፍር ሆኖ አያውቅም፣ እናትሽን ያጠብኳት እኔ ነኝ። ይህን ግን አልተውኩትም። እንደ እሳት ያቃጥለኛል።

ሌላ የምለምንሽ ነገር አይኖርም ብዬ ነበር፣ አንድ አለ። ሲመጣ ምን እንደሚመስል ጻፊልኝ። ምን አያለሁ፣ ምን እሰማለሁ፣ ምን አደርጋለሁ። እንዳታሳምሪው።

አክስትሽ

———

ጥር 25

እቴቴ፤

እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ሰበብ የለኝም። ፈራሁ፣ በእኔ ፍርሃት ጋሼ ተሠቃዩ። ለዚህ የማወጣለት ሌላ ቃል የለኝም። ደብዳቤሽን ሰውየው ሲመለስ አመጣልኝ፤ ይህንንም ፖስታ ቤት ሳልጠብቅ ነገ በሚጓዝ ሰው እልከዋለሁ።

እንዳልሽው አላሳምረውም። በየቤቱ ወንበር ስቤ የምናገረው ይህን ነው።

መጀመሪያ እንቅልፉ ይረዝማል። ከቀኑ አብዛኛውን ይተኛሉ፤ ሲነቁ የት እንዳሉ ሊጠፋቸው ይችላል። አታርሚያቸው። መኪና እየነዱ ከሆነ የት እንደደረሱ ጠይቂያቸው። ምግብና ውሃ ይተዋሉ። ምግብ ስለተዉ አይደለም የሚሞቱት፣ ሰውነት እየሞተ ስለሆነ ነው ምግብ የሚተወው፤ በግድ አታጉርሻቸው። ንጹሕ ጨርቅ በውሃ ነክረሽ ከንፈራቸውን አርሺ። መዋጥ ሲያቅታቸው ሽሮፑን አታቋርጪ፤ ከትራስ ቀና አድርገሽ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ በጉንጫቸው ውስጥ ጠብ ጠብ አድርጊላቸው። ስንት ጠብታ እንደሆነ ሐኪሙን አሁኑኑ ጠይቀሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊው፣ ያን ቀን አታስታውሺም። በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን ቀይሪ።

መጨረሻው ሲቀርብ እጅና እግራቸው ይቀዘቅዛል፣ ቆዳው ይዥጎረጎራል። ጉሮሯቸው ውስጥ የሚንኮራኮር ድምፅ ይኖራል። ለአንቺ ያስጨንቃል፣ እሳቸውን ግን አያስጨንቃቸውም፤ ጎናቸውን አዙሪያቸው። ከዚያ ትንፋሻቸው ይቆማል። አለቀ ብለሽ ስትነሺ እንደገና ይተነፍሳሉ። ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። አንድ ጊዜ ላይ አይመለስም። እስከዚያ ድረስ ይሰማሉ ብለሽ አስቢ። የምትነግሪያቸው ካለሽ ንገሪያቸው፣ ከሌለሽም ቁጭ በዪ በቃ።

ማንንም ለመጥራት አትቸኩዪ። ከዚያ በኋላ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

የሚተካኝ ሰው እስኪገኝ ብለው ፈቃድ የሰጡኝ ለየካቲት 20 ነው። ትናንት በስልክ ጋሼ «እዚያ ያሉትን መንገድ ላይ ጥለሻቸው እንዳትመጪ» አሉኝ። የሰው ጋሼ እያጠብኩ የራሴን አንቺ ታጥቢያለሽ። ይህን እያሰብኩ ሥራ እውላለሁ።

ልጅሽ

———

የካቲት 17

ለችኩሌ ልጄ፤

ፈጣሪ ያጽናሽ። ያጽናን። ባለፈው በስልክ ሁለታችንም ስላለቀስን ምንም ሳልነግርሽ ዘጋን። አሁን ልንገርሽ።

ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ፀሐይ አልጋው ላይ። ወረቀትሽ እጄ ላይ ነበር፣ ከመታጠፍ ብዛት መሃሉ ተቀድዶ በመርፌ ሰፍቼዋለሁ። እግሩ ሲቀዘቅዝ «ይህን ብላለች» አልኩ። ጉሮሮው ሲንኮራኮር «ይህንም ብላለች» አልኩና ጎኑን አዞርኩት። የድሮ ረዳቱ በር ላይ ቆሞ ያለቅሳል፣ «ተው፣ ይሰማል» አልኩት። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት መንገድ ላይ ነበር፤ የት ደረስክ እያልኩ ስጠይቀው አንዴ ወንዙን ተሻገርኩ ይለኛል፣ አንዴ ጭነት እያራገፍኩ ነው ይለኛል። ሲያልፍ ፊቱ አልተጨማደደም። እጁ ተዘርግቶ ነበር። እኔም ቁጭ አልኩ፣ ለማንም ሳልደውል። ካንቺ ደብዳቤ ወዲህ አርባ ቀን ሰጠኸኝ ብዬ አመሰገንኩት። ያለፈውንም ይቅርታ ጠየቅኩት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በስልክ «ከእንግዲህ መጥቼ ምን አደርጋለሁ፣ ፈቃዱን ሰርዤዋለሁ» ብለሽኛል።

ትናንት የተረፈውን አንድ ጠርሙስ ልመልስ ፋርማሲው ሄጄ ነበር። ሰልፉ ላይ ከፊቴ አንዲት ሴት ነበረች፣ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። መጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ያንኑ ዓይነት ጠርሙስ ተቀብላ በሁለት እጇ ይዛ «የእርስዎስ ማን ታሞ ነው?» አለችኝ። «ባለቤቴ» አልኩ። «የእኔም ባለቤቴ ነው፣ ጫማ ሰፊ ነው። ዛሬ አስወጡልኝ። ይህን ሲጠጣ ይድናል፣ አይደል?» አለችኝ። ዓይኗን ብታዪው።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። በስፌት የተጠገነው ወረቀትሽ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ያልነገርሽኝ ነገር ስንት ቀን እንዳቃጠለኝ፣ ስንት ክፉ ቃል እንደጻፍኩልሽ አውቃለሁ። «ፈጣሪ ይማርልሽ፣ አይዞሽ» አልኳት። እሷም አመስግናኝ ጠርሙሷን በነጠላዋ ጠቅልላ ድልድዩን ተሻግራ ሄደች።

ተመልሳ የምትመጣው በወሩ ነው። ወር ምን ያህል ረጅም እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ጋሼሽም ያውቅ ነበር።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ ውሸት ይብቃን። እንዴት እንዳቃተሽ ግን ገብቶኛል፣ ቀድሞ አልገባኝም ነበር። ለእኔ መንገር ያቃተሽ ልጄ ስለሆንሽ ነው። እኔ ለማላውቃት ሴት እንኳን አልቻልኩም።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ከድልድዩ ማዶ የጫማ ሰፊ ቤት እየጠየቅኩ ስዞር ዋልኩ። አራት በር አንኳኳሁ። አላገኘኋትም። ነገም እወጣለሁ። ባገኛት ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ካልመጣሽ አፌ እንደተንተባተበ እነግራታለሁ፣ ምን ታደርጊኛለሽ። ግን ነይ ልጄ። የተሰረዘ ፈቃድ እንደገና ይጠየቃል። እኔ ቤቱን ፈልጌ በሩን አንኳኳለሁ፣ አንቺ ገብተሽ ንገሪያት።

አክስትሽ